መምህር ከሆነ

የመምህር ኑሩን መሞት የሰማሁት ቆቦ መናኸሪያ፣ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ኮሌጅ አብራኝ የተማረችው ሐዋ ናት። «ደሳለኝ፣ የት ነህ?» አለችኝ። ቀሪውን ሳትናገር ድምፅዋ ነገረኝ። «ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ ጎብዬ ና» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ረዳቱን ጎብዬ ላይ እንዲያወርደኝ ነገርኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው፣ «ለቅሶ ነው ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ።»

«ዘመድ ነው?»

«አስተማሪዬ ናቸው።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ዘመድ አለ?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ለማያውቁት ሰው።

ጎብዬ ስደርስ መንገዱ ዳር የቆመው ሰው ብዙ ነበር። ከዋጃ፣ ከቆቦ፣ ከየገጠር ቀበሌው መምህራን መጥተዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ገበያ ውለው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሰልፉን ሲያዩ ቆዩና፣ «ሟቹ ባለሥልጣን ነበሩ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ከፊቴ የሚሄድ አንድ የማላውቀው ወጣት፣ «የለም አባት፣ የሒሳብ መምህር ነበሩ» አላቸው። አነጋገሩ አንገቴን ቀና አደረገው። ልጁም የእሳቸው ተማሪ እንደሆነ ገባኝ።

እኛ «መምህር ከሆነ» እንላቸው ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም፤ እኛ ኮሌጅ ስንገባ ወጥቶላቸው ቆይቷል። የሒሳብ መምህርነት ሠልጣኞች ነበርን፤ እሳቸው ደግሞ ሒሳብ እንዴት እንደሚማሩትና እንደሚያስተምሩት ያስተምሩናል። የትኛውንም መልስ ብትሰጣቸው አይቀበሉህም፣ አይጥሉብህምም። «ምን ከሆነ?» ብለው ይጠይቁሃል። መልሱ ትክክል የሚሆነው ምን ከሆነ ነው? እስክትነግራቸው ይጠብቃሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠመኔያቸውን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። ከጎብዬ ወደ ታች ባለው ቆላ ነው የተወለዱት። ለራሳቸው ሲቆጥሩ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ በእናታቸው ቋንቋ በኦሮምኛ በሹክሹክታ ይቆጥሩ ነበር፤ ለኛ ግን በአማርኛ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብተው፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡን፣ ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፉ፦ «አንድ ግመል ሁለት ኩንታል ማሽላ ይሸከማል። ሰባት ኩንታል ማሽላ በስንት ግመል ይጓጓዛል?»

«ሦስት ተኩል!» አልን በአንድ ድምፅ። እንደ ሕፃን የናቁን መስሎን ነበር።

መምህር ኑሩ ወደ መስኮቱ ሄዱ። አንገታቸውን አስግገው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው፣ ሩቅ እንደሚያይ ሰው ወደ ውጭ አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ሦስቱ ሲመጡ ይታዩኛል» አሉ በመጨረሻ። «ግማሿን ነው ያጣኋት። ለመሆኑ ከፊት በኩል ያለው ግማሽ ነው የሚመጣው ወይስ ከኋላ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቶሎ ብሎ «አራት!» አለ።

«አራት ከሆነ፣ አራተኛው ምን ተሸክሞ ይሄዳል?»

«አንድ ኩንታል።»

«በየትኛው ጎኑ?»

ከዋጃ የመጣች፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ሐዋ ናት። ያን ቀን ስሟን አናውቅም። «መምህር፣ ኩንታሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ይጫናል። አለዚያ ጭነቱ ይዞራል።»

«ግመል ጭነሽ ታውቂያለሽ?»

«አባቴ ከአፋሮች ጋር ይነግዳል።»

«አያችሁ?» አሉ ወደኛ ዞረው። «ግመሉ ከመጀመሪያው ጥያቄው ውስጥ ቆሟል። ሁላችሁም ቁጥሩን አያችሁ፣ ግመሉን ያየችው እሷ ብቻ ናት።»

ይህን የሚሰማ ሰው መምህር ኑሩ ስሌት የሚንቁ ሊመስለው ይችላል። በጭራሽ! ማካፈል የተሳሳተ ሠልጣኝ እሳቸው ዘንድ ምሕረት የለውም፤ በእረፍት ሰዓት አስቀምጠው ደጋግመው ያሠሩታል። «ማስላት የማይችል ሰው ግመሉን ቢያየው ምን ይፈይዳል?» ይሉ ነበር። የሚያናድዳቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ቁጥሮቹን ይዞ መሮጡ። «ቁጥሮቹን ዘርፎ የሚሮጥ» ነበር የሚሉት።

አንድ ጊዜ ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣባቸው ነገሩን። ልጅ ሆነው መምህራቸው «አንድ ሰው አንድ ማሳ ማሽላ በስድስት ቀን ያጭዳል፤ ስድስት ሰው በስንት ቀን ያጭዱታል?» ብለው ጠየቁ። ትንሹ ኑሩ ዘሎ ተነሥቶ፣ «ጀንበር ሳትዘቀዝቅ ያልቃል!» አለ። ለምን ቢባል፣ «ስድስት ሰው ከሆነማ ደቦ ነው። ደቦ ከሆነ ደግሞ ዘፈን አለ፣ ፉክክር አለ፣ ማን ወደ ኋላ ይቀራል?» የክፍሉ ልጆች ሳቁ፤ መምህሩ አንበረከኩት። መምህር ኑሩ ይህን ሲነግሩን ቂም አልነበራቸውም፤ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ግን ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ «እናንተ ልጅ ስታንበረክኩ አልያችሁ። መጀመሪያ ልጁ ምን እንዳየ ጠይቁት» አሉን።

በመጨረሻው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ቆቦ ከተማ ዳር ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ተላክን። እኔ፣ ሐዋና ሌሎች ጥቂት ሠልጣኞች ነበርን። እያንዳንዳችን ክፍል ገብተን ስናስተምር ሁለት መምህራን ከኋላ ተቀምጠው ይመዝኑናል፤ አንዱ መምህር ኑሩ፣ ሌላው መምህር ፍሥሐ። መምህር ፍሥሐ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ጥንቁቅ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለተማሪ ውጤት የሚጨነቁ ሰው ነበሩ። ሁለቱ በውጤቱ ካልተስማሙ ወደ ኮሌጁ አይላክም።

የሐዋ ተራ ደረሰ። ሐዋ ከእኛ ሁሉ በላይ የምትፈራበት ምክንያት ነበራት። የእኩዮቿ እኩሌታ ዓረብ አገር ገብተዋል። አባቷም እሷንም ሊልካት የመጣውን ደላላ ያቆዩት እሷ ስለለመነቻቸው ብቻ ነው። «ይህን ዓመት ካለፍሽ አስተምሪ፤ ከወደቅሽ ግን ነገሩ ያበቃል» ብለዋታል። ይህን እኛም እናውቃለን፣ መምህር ኑሩም ያውቃሉ።

ከመጽሐፉ ያወጣችው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «አንድ ፓምፕ አንድ ገንዳ በስድስት ሰዓት ይሞላል። ተመሳሳይ ሁለት ፓምፖች አብረው ቢሠሩ ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል?» በጥሩ ሁኔታ አስረዳች፣ ሥዕል ሣለች፣ መልሱን ልትጽፍ እጇን አነሣች። ይኼኔ ለምለም የምትባል ተማሪ ከመሀል፣ «ቲቸር፣ ፓምፖቹ የሚስቡት ካንድ ጉድጓድ ነው?» አለች።

ሐዋ ጠመኔዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ ከዳር ሆኜ በልቤ «ጻፊና እለፊው፣ ጻፊና እለፊው» እላለሁ።

«መጽሐፉ አይናገርም» አለች ሐዋ። «ካንድ ጉድጓድ ከሆነ ምን ይለወጣል?»

«ውሃው ወደ ታች ይሸሻላ! የአጎቴ ጉድጓድ አንዱንም ፓምፕ አይችለው።»

«የኛ ግን ይችላል!» አለ ሌላው።

«የናንተ ወንዙ ዳር ስለሆነ ነው!»

ክፍሉ ተነሣ። ሽንኩርት የሚያጠጣ ቤተሰብ ያለው ሁሉ የራሱን ጉድጓድ ይዞ መጣ። አንዱ ወደ ሐዋ ዞሮ፣ «ቲቸር፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ስንት ሰዓት ነው?» አላት። ሐዋ፣ «ጉድጓዱን ሳላይ አላውቅም» አለች። ደወል ተደወለ። ሰሌዳው ላይ መልስ አልነበረም።

መምህር ፍሥሐ ጣሏት። መምህር ኑሩ ሙሉ ሰጧት።

ሁለቱ በመምህራን ማረፊያው ሲከራከሩ እኛ ከውጭ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል እንሰማለን። ሐዋ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች።

«መምህር ኑሩ፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ» አሉ መምህር ፍሥሐ። «ግን እነዚህ ልጆች ነገ ፈተና ይቀመጣሉ። ፈተናው ላይ ጉድጓዱን ማን ያሳያቸዋል? መምህርቷ "አላውቅም" ብላ ወጣች። ሙሉ ውጤት ሲሰጧት ሰው ምን ይላል? አዳልተውላታል ነው የሚለው። እኔ ይህን ለኮሌጁ ሳላሳውቅ አልፈርምም።»

«አሳውቅ። ግን ፍሥሐ፣ ተማሪዋ የጠየቀችው ጥያቄ እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

«መልሱ ሦስት ሰዓት ነው።»

«እኔ ደግሞ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ውሃ ሲሸሽ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከሦስት ሰዓት በላይ ነው የሚፈጀው። ጉድጓዱም ገንዳውም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሄደን እንየው።»

«የአንዱ ፓምፕ ጊዜ እኩሌታ ከሆነስ?» አሉ መምህር ፍሥሐ። «ከሆነ» የምትለዋን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«እኩሌታ ከሆነ ተሸንፌያለሁ። በሰው ፊት እናገራለሁ።»

ሲወጡ መምህር ኑሩ ሐዋን አዩአት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት። ለእኔ ግን ሰውየው የራሳቸውን ክብርና የልጅቷን ዕድል ይዘው ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆሙ መሰለኝ።

ጋሽ ሞላ የሚባሉ ሽንኩርት አምራች በእጅ የተቆፈረ ጉድጓዳቸውንና የሲሚንቶ ገንዳቸውን ፈቀዱልን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ማሽላው ቀልቶ፣ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ማማ ላይ ሆነው ይጮኻሉ። የመጀመሪያውን ቀን በጋሽ ሞላ ፓምፕ ብቻ ገንዳው ሞላ፤ ሰዓቱን ያዝን፤ ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ተለቀቀ። በማግሥቱ ከጎረቤት ተመሳሳይ ፓምፕ በውሰት መጣና ሁለቱ አብረው ተነሡ። ሠልጣኞቹ ሁላችንም አለን። ለምለምና ጓደኞቿም ከትምህርት መልስ መጥተዋል። መምህር ኑሩ በደረታቸው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተኝተው፣ በመስታወት ፀሐይ ወደ ውስጥ እያበሩ ውሃውን ያያሉ። «አሁን ይሸሻል... አሁን ይሸሻል» ይላሉ።

ውሃው አልሸሸም።

ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። መምህር ፍሥሐ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ለሁላችንም አሳዩን። የትናንቱ እኩሌታ ነው። ቢበልጥ ኢምንት ነው። ፓምፖቹ ሲጠፉ የወፍ ጠባቂዎቹ ጩኸት ብቻ ቀረ። ሐዋን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

መምህር ኑሩ ከመሬት ተነሡ። ኮታቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አንድ ጊዜ ገንዳውን፣ አንድ ጊዜ ጉድጓዱን አዩና ሳቁ። የደቦውን ነገር ሲነግሩን እንደሳቁት ያለ ሳቅ ነው። «ተሸንፌያለሁ!» አሉ ጮክ ብለው። «ሁላችሁም ስሙ። ተማሪዎችም ስሙ። ውሃው ይሸሻል ብዬ ነበር፤ አልሸሸም። የዚህ አገር ልጅ ነኝ ብዬ ሳላይ ተናገርኩ። ቁጥር ዘርፌ አልሮጥኩም፤ ጉድጓዱን ግን ዘርፌ ሮጥኩ።»

መምህር ፍሥሐ ቢኮሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ጉድጓዱ ዳር ሄደው ቆሙ። መስታወቱን ከመሬት አንሥተው እሳቸውም ወደ ውስጥ አዩ። ቆይተው፣ «ጋሽ ሞላ፣ በግንቦትስ?» አሉ።

«ግንቦትማ ውሃው ይወርዳል። ሁለት ፓምፕ በግንቦት ጠምጄ ግን አላውቅ፤ በምን አውቀዋለሁ?» አሉ ጋሽ ሞላ። «ኑና እንየው።»

መምህር ፍሥሐ ወደ ሐዋ ዞሩ። «ክፍል ውስጥ ልጁ ስንት ሰዓት ነው ሲልሽ ምን ነበር ያልሽው?»

«ጉድጓዱን ሳላይ አላውቅም ነው ያልኩት፣ መምህር» አለች ሐዋ።

«መምህር ኑሩ ሳያዩ "ይሸሻል" አሉ። እኔም ሳላይ "ሦስት" አልኩ። ደረሰልኝ፤ ሌላ ጉድጓድ ቢሆን ላይደርስልኝ ይችል ነበር።» መስታወቱን ለጋሽ ሞላ ሰጡ። «ነገ ተመልሰሽ ክፍል ትገቢያለሽ። ስሌቱን ትጨርሺላቸዋለሽ፤ ፈተና አለባቸው። መልሱ የሚሠራው መቼ እንደሆነም ትጽፊላቸዋለሽ። ያን ካደረግሽ እፈርማለሁ።»

ሐዋ በማግሥቱ ገብታ ጻፈችው፦ «ሁለቱም ፓምፖች የሚበቃቸውን ውሃ ካገኙ፣ ሦስት ሰዓት።» መምህር ኑሩ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ተነሥተው ወደ ለምለም ሄዱና፣ «የኔ ልጅ፣ ያን ጥያቄ ባትጠይቂ ኖሮ እኔ እስክሞት ያልተሳሳትኩ መስሎኝ እኖር ነበር» አሏት። ለምለም አፍራ በክንዷ አፏን ሸፍና፣ «የአጎቴ ጉድጓድ ግን ይሸሻል፣ ቲቸር» አለች። «እንግዲያው ለአጎትሽ ጉድጓድ ሌላ ስሌት እንሠራለን» አሏት። መምህር ፍሥሐም ፈረሙ።

በግንቦት ሁለቱ መምህራን ብቻቸውን ወደ ጋሽ ሞላ ዘንድ እንደሄዱ ሰማን። ገንዳው ሳይጋመስ ውሃው ወርዶ ፓምፖቹ አየር መሳብ ስለጀመሩ አንዱን አጥፍተውታል። ያን ቀን ማን «ተሸንፌያለሁ» እንዳለ ግን ሁለቱም አልነገሩንም። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሁለቱን አብረው ሲሄዱ ማየት ለመድን።

ተመረቅን። እኔ ቆቦ ቀረሁ፤ ዛሬም እዚያው አስተምራለሁ። ሐዋን አባቷ ራሳቸው በጭነት መኪና ወደ ተመደበችበት ትምህርት ቤት አደረሷት። ከዓመታት በኋላም ተጨማሪ ተምራ የመምህርነት ሠልጣኞችን ታስተምር ጀመር። መምህር ኑሩ ጡረታ ወጥተው ጎብዬ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ባለው ቤታቸው ተቀመጡ። በሽታው ቀስ እያለ ነው የያዛቸው።

ከመሞታቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየናቸው እኔና ሐዋ አብረን ሄደን ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ አስገቡን። መምህር ኑሩ ተኝተዋል። ክንዳቸው እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥኗል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ሐዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«እህ ሐዋ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነበር።» ሐዋ ወደ ፊት ተጠጋች። «ለሠልጣኞቼ ጥያቄ ሰጠኋቸው። አንድ ሰው አንድ ማሳ ማሽላ ከወፍ ይጠብቃል። ማሳው እጥፍ ቢሆን ስንት ሰው ይጠብቀዋል? እኔ ሁለት ብዬ ይዣለሁ። አንዱ ሠልጣኝ "ማማው መሀል ላይ ከሆነ አንዱ ይበቃል፣ ወንጭፉ ለሁለቱም ይደርሳል" አለኝ። አይሆንም ብዬ ተከራከርኩት።»

መምህር ኑሩ ክርናቸውን ትራሱ ላይ አደረጉ። «ከዚያስ?»

«ይዣቸው ማሳ ወረድኩ። አንድ ገበሬ መሀል ላይ ባለ ማማ ቆሞ ሁለቱንም ማሳ ሲጠብቅ አየነው። አንዲት ወፍ አላሳረፈም።»

«ምን አልሻቸው?»

«ተሳስቻለሁ አልኳቸው።»

«በሠልጣኞችሽ ፊት?»

«በገበሬውም ፊት።»

«አፈርሽ?»

ሐዋ ለመመለስ አልቸኮለችም። እውነቱን ስትፈልግ አየኋት። «መጀመሪያ ላይ ትንሽ አፈርኩ» አለች። «ሠልጣኞቹ ከማማው ወደ ማሳው ጫፍ እየሮጡ ርቀቱን መለካት ሲጀምሩ ግን ረሳሁት። እንዲያውም ደስ አለኝ።»

መምህር ኑሩ ብዙ አዩአት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ተደግፈው፣ ያ የደከመ ሰውነት ከየት እንዳመጣው በማላውቀው ጉልበት ቀና ብለው ተቀመጡና ወደ ጓዳ ተጣሩ።

«ፋጡማ! ኧረ ፋጡማ! መምህርት ቤታችን መጥታ አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች እንዴ? ወንበር አምጪላት!»

ወይዘሮ ፋጡማ እየሮጡ ወንበር አመጡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍም ጠረጉት። ሐዋ ተነሥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔም ቆሜ ነበር። ለእኔ ወንበር ያስመጣልኝ የለም፤ አልከፋኝም።